ከቀራንዮ እስከ ኤንጀል

ቀራንዮ ትርጉሙ የራስ ቅል ነው። ቃሉ የግሪክ ዘር አለው፤ በወንጌል ጎልጎታ ተብሎ የተጻፈው፣ ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ ስሙን የተከለችው ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ናት። ከቤተ ክርስቲያኗ ወደ ሰፈሩ አለፈ፤ ኋላም ከኮልፌ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆነ። ዛሬ «ቀራንዮ! ቀራንዮ!» እያለ የሚጣራው የታክሲ ረዳት የራስ ቅል ትዝ አይለውም። እኔን የሚገርመኝም ይኸው ነው፤ ትርጉሙ ተረስቶም ስሙ ሰውን ካሰበበት ያደርሳል።

ለንደንም ኤንጀል፣ ማለትም «መልአክ»፣ የሚባል ሰፈር አላት። ስሙን ያወረሰው ግን መጠጥ ቤት ነው። በኢዝሊንግተን መንገድ ዳር የነበረ ማደሪያ ሲሆን፣ ከሰሜን የሚመጣ መንገደኛ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሜዳ በጨለማ ማቋረጥ ስለሚፈራ ፈረሱን አስሮ፣ ቢራውን ጠጥቶ እዚያው ያድር ነበር። በድሮ የእንግሊዝ ማደሪያዎች ደጅ የሚሰቀለው የመልአክ ሥዕል መነሻው የገብርኤል ብሥራት ነው። የእኛ ከተማም ብሥራተ ገብርኤል የሚባል ሰፈር አላት። ያው ብሥራት እዚህ በታቦት፣ እዚያ በመጠጥ ቤት በኩል ሰፈር ሰየመ።

አሁን የሚታየው የኤንጀል ሕንፃ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 እንደገና የተሠራ ነው። የተቀመጠው ሁለት መንገድ በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ሲሆን፣ ፊቱ ፈዘዝ ያለ ቀለም ባለው ቴራኮታ፣ በተተኮሰ ሸክላ፣ ተለብጧል። ምርጫው ብልህነት ነበረበት። ሸክላ በቅርጽ ማውጫ እየተጠቀጠቀ ጌጡ ይበዛል፤ የድንጋይ ከሰል ጥላሸት ባጠቆረው ከተማ ደግሞ ታጥቦ ይነጻል። ከሁሉ የማደንቀው ግን በማዕዘኑ አናት ላይ ያለውን ጉልላት ነው። የእኛ ሰው ደብሩን ከሩቅ በጉልላቱ እንደሚለየው፣ ለንደኔውም ከሁለቱም መንገድ ሲመጣ መጠጥ ቤቱን በዚያ ያውቀው ነበር።

በ1921 ሕንፃው ተሽጦ የላየንስ ኩባንያ ካፌና ምግብ ቤት ሆነ፤ በኋላም የባንክ ቅርንጫፍ ገባበት። ባለቤትና ሥራ ሲፈራረቅ ማንም ጉልላቱን አላወረደውም። በአዲስ አበባ አንድ አሮጌ ቤት ሥራው ባበቃ ቁጥር ግድግዳውም አብሮ ሲሄድ ሳይ ልቤን ይከፋዋል፤ የቀረው ስም የሚጠቁመው ነገር ያጣል። ኤንጀል ግን ከ1901 ጀምሮ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ስም ሆኖ፣ ተሳፋሪው ወደ ላይ ሲወጣ ስሙን ያወጣው ማዕዘን አሁንም በቅርብ ይጠብቀዋል።