ከባቡሩ ጋር የመጡ ፎቶግራፎቻችን፦ ታሪካቸውና አያያዛቸው



የማኅበራችንን የብር ኢዮቤልዩ ለማክበር ስንዘጋጅ፣ በየቤታችሁ ያሉትን የድሮ ፎቶግራፎች ለዐውደ ርእይ እንድታውሱን ጠይቀናችሁ ነበር። እናንተም ከሳሎን ግድግዳ እያወረዳችሁ፣ ከሻንጣ ሥር እያወጣችሁ አምጥታችሁልናል። ምስጋናችን የላቀ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በዚያ ሥራ ላይ የተማርነውን፣ ያጠፋነውንም ጭምር ልናካፍላችሁ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ወደ ጅቡቲ የመጣነው በተለያየ ዘመን ነው። የባቡር ሐዲዱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከዚህ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በሐዲዱ ሥራ፣ በወደቡና በንግዱ የመጡ አሉ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ቀይ ሽብርና የ1977–78ቱ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ያሰደዳቸው፣ ድንበሩን በእግራቸው የተሻገሩ ብዙዎች ናቸው። በእግሩ የሚሰደድ ሰው ዕቃ አይሸከምም፤ ፎቶግራፍ ግን ከጉያ አይወድቅም። ዛሬ ግድግዳችን ላይ ያለው ከዚያ የተረፈ ነው።

ፎቶግራፍ ለዓለም በይፋ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1839 በፓሪስ ነው። ዳጌሮታይፕ የሚባለው የዚያን ጊዜው ፎቶ በብር በተለበጠ መዳብ ላይ የሚነሣ በመሆኑ ጣት ቢነካው ይበላሽ ነበር። ስለዚህ በመስታወት ይሸፈናል፤ መስታወቱም እንዳይነካው በመካከሉ ስስ የናስ ክፈፍ ይገባበታል። ዛሬ እዚህ አገር በፈረንሳይኛ ስሙ ፓስፓርቱ የምንለው፣ መሐሉ እንደ መስኮት የተቆረጠው ካርቶን የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው። ብዙዎቻችን ግን ለጌጥ ብቻ የሚደረግ ይመስለን ነበር።

በአገራችንም ሙያው የቆየ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን ወርሰው ቤተ መንግሥቱን አገልግለዋል። ከጊዜ በኋላ ፎቶ ቤት በየከተማው ተስፋፋና ተራው ሰውም ለሠርጉ፣ ለክርስትናው፣ ለመንገዱ ፎቶ ይነሣ ጀመር።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ። አንዲት እናታችን የወላጆቻቸውን ፎቶ አመጡልን። አባትየው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ሕፃን ሳሉ ስላረፉ መልካቸውን የሚያውቁት ከዚህ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶው ያለ ፓስፓርቱ በቀጥታ መስታወት ላይ ተለጥፎ ለዓመታት ተሰቅሏል። የባሕሩ እርጥበት በፎቶው ላይ ያለውን የጄላቲን ሽፋን አላልቶ ከመስታወቱ ጋር አጣብቆታል። እኛም በየዋህነት ሳብነው። ፊታቸው ተረፈ፤ በሚስታቸው ትከሻ ላይ ያረፈው እጃቸው ግን ከመስታወቱ ላይ ቀረ። እናታችን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካዩት በኋላ፣ «በሉ ልጆቼ፣ የሌላውን ሰው እንዲህ እንዳታደርጉ» አሉን። ስለዚህ አደራቸውን እዚህ እንጽፋለን።

የተጣበቀ ፎቶ አይሳብም። መስታወቱ እንዳለ ስካን አድርጉትና ለባለሙያ አሳዩት። ያልተጣበቀውንም ቢሆን አስቀድማችሁ ስካን አድርጉ። በተለይ የ1970ዎቹን የቀለም ፎቶ ብርሃን ስለሚያደበዝዘውና የደበዘዘ ስለማይመለስ፣ ግድግዳ ላይ ቅጂው ይሰቀል፤ ዋናው ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ በወረቀት ፖስታ ይቀመጥ።

ፍሬሙን ቤት ውስጥ መሥራት ከባድ አይደለም። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር አሲድ የሌለው ወፍራም ካርቶን ግዙ። ከዕቃ ማሸጊያ የተቆረጠ ካርቶንም ሆነ ከጀርባ የሚደረግ ኮምፔንሳቶ ከጊዜ በኋላ ፎቶውን ያበልዘዋል። መስኮቱን በብረት ማስመሪያና በስለታም ምላጭ ቁረጡ፤ ስፋቱ ከፎቶው በየጎኑ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ይነስ። የታችኛው ጠርዝ ከላይኛው ትንሽ ሰፋ ቢል ለዓይን ያምራል። ፎቶውን በኮላም በፕላስተርም አትለጥፉት። ከንጹሕ ወረቀት አራት ትናንሽ የማዕዘን ኪሶች አጥፉና ከጀርባ ካርቶኑ ላይ ለጥፏቸው፤ የፎቶው ማዕዘኖች በኪሶቹ ውስጥ ይግቡ። እንዲህ ሲሆን በማናቸውም ጊዜ ሳይጎዳ ይወጣል። ስትሰቅሉትም ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳና ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር አርቁት።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ካመጣችሁልን ፎቶዎች መካከል በውስጣቸው ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ የሚነግረን ያጣንባቸው አሉ። ፍሬሙን ከመዝጋታችሁ በፊት ስማቸውን፣ ቦታውንና ዘመኑን ከፎቶው ጀርባ ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል። የማታውቁትን ዛሬውኑ አያቶቻችሁን ጠይቁ። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችሁም አጠገባችሁ ተቀምጠው ይስሙ፣ ይጻፉ።

የእናታችን ፎቶ አሁን በፓስፓርቱ ተደርጎ፣ በአዲስ ፍሬም ገብቶ በአዳራሻችን በር ትይዩ ይታያል። የጎደለውን አልሸፈንነውም። የአባታቸውን ስም ከጀርባው በእርሳስ የጻፉት ራሳቸው ናቸው።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንላችሁ!