የአሮጌ ኮምፒውተር ምስል ሲበላሽ፦ ካርዱ ነው ወይስ ድራይቨሩ?

ዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም ዊንዶውስ 7 የተጫነበት ኮምፒውተር ምስሉ ሲገዝፍ ወይም ስክሪኑ ሲጠቁር፣ ብዙውን ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል ተብሎ ይደመደማል፤ የማኅበሩ የሒሳብ መዝገብም አብሮት ይጣላል። ጥፋቱ ግን ካርዱንና ዊንዶውስን በሚያግባባው ድራይቨር ላይ ሊሆን ይችላል።

ለመለየት፣ የዊንዶውስ ምልክት ከመታየቱ በፊት «ኤፍ 8»ን ደጋግሞ ተጭኖ «ሴፍ ሞድ»ን መምረጥ ያሻል። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ የካርዱን ድራይቨር ትቶ በራሱ መሠረታዊ ድራይቨር ይነሣል። ምስሉ ከተስተካከለ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨሩ ያጋድላል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሰነዶቹን በፍላሽ መገልበጥ ይገባል። ገና ዊንዶውስ ሳይጀምር የተዥጎረጎረ መስመር ከታየ ደግሞ ችግሩ ካርዱ፣ ገመዱ ወይም ስክሪኑ ነውና ድራይቨር መለዋወጥ ከንቱ ድካም ነው።

የተበላሸው ድራይቨር በ«ዲቫይስ ማናጀር» በኩል ይነሣል። የካርዱ ስም ካልታወቀ እዚያው በዝርዝሩ ውስጥ «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያለው መለያ ሠሪውን ያመለክታል፦ 8086 ኢንቴል፣ 1002 ኤቲአይ፣ 10ዲኢ ኤንቪዲያ ነው። አዲሱ ድራይቨር ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፤ ሠሪዎች አሮጌ ካርዶችን ከአዳዲሶቹ ድራይቨሮች ያስወጣሉ። ስለዚህ ለካርዱና ለዊንዶውሱ ዓይነት፣ 32 ወይም 64 ቢት መሆኑም ተለይቶ፣ የተሠራው ይፈለግ። ኤክስፒ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ስለማያገኝ፣ ድራይቨሩን በሌላ ኮምፒውተር ከሠሪው ድረ ገጽ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይመረጣል።