ዕጣ የደረሰንና ዕጣ ያጡ

በ1997 ዓ.ም. ስንመረቅ «ሥራ አገኝ ይሆን?» ብሎ የተጨነቀ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ጭንቀታችን «የት ይደርሰኝ ይሆን?» ነበር። ዕጣ ያወጣንበትን ቀን ታስታውሱ የለ? ለአዲስ አበባ የቀረበ ቦታ የደረሰው ሲጨፍር፣ እኔ ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ወረዳ ደርሶኝ አለቀስኩ። ሥራ ተሰጠኝ ብዬ አለቀስኩ ማለት ነው! ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ለዜጎች ሁሉ ሥራ እንዲኖር ማድረግ የመንግሥት ኃላፊነት ነው የሚለው ሐሳብ ብዙ ዕድሜ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1929 በኋላ በመጣው የኢኮኖሚ ውድቀት ሚሊዮኖች ሥራ አጡ፤ ጦርነቱ ሲመጣ ግን መንግሥታት ለሁሉም ሥራ አላነሳቸውም። ሕዝቡም «ለጦርነት ከተቻለ ለሰላም ጊዜስ ለምን አይቻልም?» አለ። በብሪታንያ ዊልያም ቤቨሪጅ በ1942 ሪፖርቱ በሽታንና ሥራ ፈትነትን ከአምስቱ ታላላቅ የአገር ጠላቶች መካከል ቆጠራቸው። በ1944 ደግሞ ክፍት የሥራ ቦታ ምንጊዜም ከሥራ አጡ ቁጥር መብለጥ አለበት ሲል ጻፈ። አሠሪ ሠራተኛ ቢያጣ ይቸገራል፤ ሰው ሥራ ቢያጣ ግን ኑሮው ይፈርሳል ነው ነገሩ። በአሜሪካ የ1946ቱ ሕግ ሲጸድቅ ግን «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ወጥታ «ከፍተኛ» በምትለዋ ተተካች። ቃል መግባት ያስፈራል።

የእኛም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የሥራ ዕድልን የሚያሰፋ ፖሊሲ ይከተላል ይላል እንጂ ለሁሉም ሥራ እሰጣለሁ አይልም። ለሐኪም ግን ተግባሩ ከቃሉ በልጦ ቆይቷል። ለረጅም ጊዜ የሕክምና ትምህርት ቤት የነበረው በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ብቻ ስለነበር የተመረቀ ሁሉ ይፈለግ ነበር። በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሥራ ጀመሩ። ተመራቂው በዛ፤ የሚቀጠርበት በጀት ግን እኩል አልተራመደም።

ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ሐኪም ወደ ቢሮዬ መጥቶ «ዶክተር፣ እጄ እንዳይረሳ በነጻም ቢሆን ላግዝ» አለኝ። በሩ ላይ ከሌሊት ጀምሮ ወረፋ የያዙ በሽተኞች ነበሩ። ታዲያ ሥራው ጠፋ የሚባለው የት ሄዶ ነው? ሥራውማ አለ፤ የጠፋው ደመወዙ ነው።

ውድ መምህሮቻችን፣ ስንት እንዳስመረቃችሁ በየዓመቱ ትነግሩናላችሁ። ከዘንድሮ ጀምሮ ስንቱ እንደተቀጠረም አብራችሁ ንገሩን። እኛም ሆስፒታል የምንመራው እንስማና በጀት ስንጠይቅ እናንሳው። ያኔ ያለቀስኩበትን ዕጣ ዛሬ ስንቱ በጸሎት ይለምነዋል!