አራጣ

አራጣ ማለት በብድር ላይ ከሕግና ከልክ በላይ የሚጠየቅ ወለድ ነው። ከተራ ወለድ የሚለየው በመጠኑ ብቻ አይደለም፤ የተበዳሪውን ችግር፣ ጥገኝነት ወይም አለማወቅ መጠቀሚያ ማድረግ ዋናው ምልክቱ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 712 የሚቀጣውም ይህንኑ ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2479 መሠረት ደግሞ ተበዳሪና አበዳሪ የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ልዩነቱ በስሌት ጎልቶ ይታያል። 20,000 ብር በወር 10 በመቶ የተበደረ ሰው በየወሩ 2,000 ብር ይከፍላል፤ በዓመቱ 24,000 ብር ከፍሎም ዋናው ዕዳ ሳይነካ ይጠብቀዋል። በሕጉ ጣሪያ ቢሆን ኖሮ የዓመቱ ወለድ 2,400 ብር ብቻ ነበር። ብዙ ጊዜ ወለዱ ከዋናው ገንዘብ ጋር ተደምሮ በውሉ ላይ ስለሚጻፍ፣ ወይም ቼክ በመያዣነት ስለሚሰጥ፣ ለተበዳሪው ማስረጃ ማቅረብ ይከብደዋል፤ የአራጣ ክፋት የሚበረታውም እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ዕዳ ያለበት ቤተሰብ የድግስና የልብስ ወጪውን ገታ አድርጎ፣ ዕቁብ ሲወጣለትም ከሌላው ዕዳ ሁሉ አስቀድሞ የአራጣውን ዋና ገንዘብ ይዝጋ፤ የፈረመበትን ሰነድና ቼክም ሳይረሳ ይረከብ።