የእስክንድር ቦጎስያን ሥዕሎች የማን ናቸው?

ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥዕል ሲነሳ የእስክንድር ቦጎስያን ስም ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ጋር ተያይዞ ይጠራል። ሁለቱም ውጭ አገር ተምረው ተመለሱ፤ ሁለቱም በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ሁለቱም ሕይወታቸው ያለፈው አሜሪካ ውስጥ ነው። ልዩነታቸው ሸራው ላይ ነው። ገብረ ክርስቶስ ቅርጽን ጥሎ በቀለም ብቻ ለመናገር አይፈራም ነበር። እስክንድር ግን ‹‹አብስትራክት›› እየተባለ ቢጠራም ቅርጽን ጨርሶ አልተወም።

እስክንድር በ1937 አዲስ አበባ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የአርመን ዝርያ ያላቸው የክቡር ዘበኛ ኮሎኔል፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በ1955 በመንግሥት ወጪ ለትምህርት ለንደን ተላከ፤ ከዚያ ፓሪስ ተሻግሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆየ። በ1966 አገሩ ተመልሶ እስከ 1969 አስተማረ፤ በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን አገኘ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ ገብቶ ከ1972 እስከ 2001 ዋሺንግተን በሚገኘው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ዛሬ በፊደላችን ሥዕል የሚሠራው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ እዚያ የተማረው በዚሁ ዘመን ነው። እስክንድር ግንቦት 2003 ዋሺንግተን ውስጥ አረፈ።

ሥዕሉን ለሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ጨለማ ነው፤ ቀጥሎ ዓይኖች፣ ቀጥሎ ክንፎች። በ1964 የሠራውና ዛሬ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ ‹‹የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ›› ማለት ነው፤ ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት ሕዋ በሚመስል ጨለማ ውስጥ ይበራሉ። አብዛኞቹ የምዕራብ ጸሐፊዎች በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ የጳውል ክሌን፣ የኩባዊውን የዊፍሬዶ ላምንና የፓሪስን ሰርሪያሊስቶች ጥላ ያያሉ፤ ተሳስተዋል አልልም። ግን በደብተራ እጅ የተጻፈ የብራና ክታብ ያየ የአገሬ ሰው እነዚያን ዓይኖች ለመለየት የፓሪስ ትምህርት አያስፈልገውም። ክታቡ ላይ ዓይን የሚሣለው ለጌጥ አይደለም፤ ርኩስ መንፈስን አፍጥጦ ለማባረር ነው። እስክንድር የወሰደው ይህንን ኃይል ነው እንጂ ክታቡን አልገለበጠም። በእኔ ግምት ‹‹አብስትራክት›› የሚለው ስም የበደለውም እዚህ ላይ ነው፤ ተመልካቹ ‹‹ይህ ለኔ አይገባኝም›› ብሎ ገና ሳያይ እንዲያልፍ ያደርገዋል።

በቅርቡ ሶደሬ፣ ከፍል ውኃው ወጥተን ጦጣዎቹ ምሳችንን እንዳይነጥቁን እየተጠባበቅን ሳለ፣ አንድ የአዳማ ጠበቃ ወዳጄ ‹‹አንተ፣ የመቅደላውን ንብረት መልሱ እንላለን፤ የእስክንድርንስ ለምን አንጠይቅም?›› አለኝ። ጥያቄው ለብዙ ሰው የሚመጣ ነውና መልሱን እዚህ ላስፍረው። የመቅደላው ንብረት በ1868 በጦርነት ተዘረፈ፤ የአክሱም ሐውልትም በወረራ ተወሰደና በ2005 ተመለሰ። የእስክንድር ሥዕሎች ግን በፈቃዱ የተሸጡ ናቸው። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ የሠራውን ‹‹የጁጁ ሠርግ›› በ1965 ገዝቶታል። ገዢው በቅን ልቦና ዋጋ ከፍሎ የያዘውን ሥዕል ‹‹ቅርስ ነው›› ብሎ መልስ የሚለው ሕግ አላውቅም።

ሆኖም ሥዕልን የገዛ ሰው የገዛው ሸራውን ነው፤ የማባዛት መብቱ የተለየ መብት ነው። የእኛው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኢኮኖሚ መብቱን ለሥራ አመንጪው በሕይወት ዘመኑ፣ ለወራሾቹም ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይሰጣል። በዚህ ስሌት እስከ 2053 መሆኑ ነው። ስለዚህ የእስክንድርን ሥዕል በመማሪያ መጽሐፍ ወይም በሙሉ አልበም ለማየት የምንሻ ከሆነ የሚንኳኳው በር የሙዚየሙ ብቻ አይደለም፤ የወራሾቹም ነው። ሸራዎቹን ራሳቸውን ለማየት ደግሞ የውሰት ኤግዚቢሽን አለ፤ ያም የመድን ዋስትና፣ የሙቀትና የእርጥበት ቁጥጥር ያለው አዳራሽ ይጠይቃል። መንገዱ ጨርሶ ያልተሞከረ አይደለም። በ2008 አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የተከፈተው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል ከጀርመን የመጡ የሠዓሊውን ሥራዎች ይዟል፤ እነዚያ የተመለሱት በክስ ሳይሆን በስምምነት ነው።

ለወዳጄ አንድ ነገር ጨምሬለታለሁ። እስክንድር ከሠዓሊት ከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው ‹‹ኔክሰስ›› የተባለ ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ ከ2001 ጀምሮ ዋሺንግተን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ነው። ‹‹ኤምባሲ የኢትዮጵያ መሬት ስለሆነ ያ እንኳ አገሩ ገብቷል ማለት ነው›› ብሎ ሳቀ። በሕግ እንዲያ አይደለም፤ በ1961ዱ የቪየና ስምምነት ቅጥሩ አይደፈርም እንጂ መሬቱ የአሜሪካ ነው። ግድግዳው ግን የእኛ ኤምባሲ ነውና፣ ቪዛ ለማግኘት ወይም ፓስፖርት ለማሳደስ የሚሄድ ሰው ጎራ ብሎ ሊያየው ይችላል።