ሸምበቆዋ ብዕር

ዛሬ ሁላችንም በኪሳችን ይዘናት ስለምንዞረው፣ ታሪኳን ግን ብዙም ስለማንጠይቀው ስለ ብዕር እንጨዋወታለን።

በስሟ እንጀምር። በግዕዝ «ብርዕ» መቃ፣ ሸምበቆ ማለት ነው፤ የአማርኛው «ብዕር» የመጣው ከዚያ ነው። ዐረቦች ብዕርን «ቀለም» ይሏታል፤ እኛ ደግሞ በዚሁ ቃል የምትጻፍበትን ፈሳሽ እንጠራለን። የቁርኣን 68ኛዋ ሱራ «አል-ቀለም» ትባላለች፤ መጀመሪያ በወረደው ወሕይም ብዕር ተወስታለች።

ሰዎች በዚያ ዘመን የሚጽፉባት ብዕር ተራ የሸምበቆ ቁራጭ ነበረች። ጫፏ በሰያፍ ይቀረጻል፤ መሐሉ ይሰነጠቅና ቀለሙ በስንጥቁ ይወርዳል። ቀለሙም ከጥላሸትና ከሙጫ ይዘጋጃል።

ይህችን ቁራጭ ከፍ ያደረጋት የሰው ልፋት ነው። በ272 ሂጅራ (እ.ኤ.አ 886) ባግዳድ ውስጥ የተወለደው ኢብን ሙቅላ፣ የብዕሯ ጫፍ የምትጥላትን ነጥብ መለኪያ አድርጎ ለፊደላቱ ሥርዓት አበጀላቸው። ለሦስት የዐባሲያ ኸሊፋዎች ወዚር ነበር። በኋላ በቤተ መንግሥት ሽኩቻ ቀኝ እጁ ተቆረጠ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ብዕሩን በጉማጅ ክንዱ ላይ አስሮ መጻፉን ቀጠለ። በ328 ሂጅራ (940) በእስር ሳለ አረፈ።

የፋጢሚያው ኸሊፋ አል-ሙዒዝ (953–975) ደግሞ ቀለሟን በውስጧ የምትይዝ፣ ስትገለበጥም የማታፈስ ብዕር እንዳሠራ ቃዲ አል-ኑዕማን ጽፏል። አሜሪካዊው ዋተርማን ቀለም የሚሞላትን ብዕሩን ያስመዘገበው በ1884 ነው። በ1938 ሀንጋሪያዊው ጋዜጠኛ ቢሮ ጫፏ ላይ ትንሽ ኳስ የምትሽከረከር ብዕር አስመዘገበ። ዛሬ በየሱቁ የምንገዛት እስክሪብቶ የዚያች ልጅ ናት።

በአገራችንም ልጆች በሸምበቆ ብዕር በለውሕ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር፤ የሐፈዙትን አጥበው ሌላ ይጽፉበታል። በሐረርና በወሎም ዑለሞቻችን ኪታቦችን በእጃቸው ገልብጠዋል። ከነዚያ አንዳንዶቹ ዛሬ በሐረር ሸሪፍ ሙዚየም ተጠብቀዋል። በየቤታችን ሣጥንና ከረጢት ውስጥ ያሉትንስ ማን ይጠብቃቸው? አይጥና ዝናብ እየቀደሙን ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ሣጥኑን እንክፈት። የአያቶቻችንን ጽሕፈት ለልጆቻችን እናሳያቸው፤ ከእርጥበትም እናርቀው። ሸምበቆ መቅረጽ የሚያውቅ ሽማግሌ በሰፈራችን ካለ፣ በሕይወት ሳለ ልጆቻችንን ያስተምርልን።