ከጎተራ እስከ ቆሻሻ ገንዳ

የዋግ ገበሬ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የመሐንዲስን ዓይን የሚስበው ጎተራ ነው። ምድሩ ድንጋያማ፣ ዝናቡም የማይታመን በመሆኑ ከአውድማ የገባው እህል እስከ መጪው መኸር መድረስ ነበረበት፤ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዱ ዋግ እንደ ነበር የሚዘነጋ የለም። አይጥና ነቀዝ የበሉት እህል ከልጅ አፍ የተነጠቀ ነው።

ጎተራው ከቀጭን እንጨት ተጠልፎ፣ ከጭድና ከእበት ጋር በተቦካ ጭቃ ተለስኖ፣ በድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ አፉም ይከደናል። በስፔን የጋሊሲያ ገበሬዎች ደግሞ ጎተራቸውን በምሰሶ አቁመው በምሰሶው አናት ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደርባሉ፤ አይጥ ምሰሶውን ቢወጣም ድንጋዩን ተገልብጦ ማለፍ አይሆንለትም። ሳይገናኙ የተገናኘ ጥበብ ይሏል ይህ ነው።

ይሁን እንጂ የዋግሹሞች መቀመጫ የነበረችውን ሰቆጣን በመሳሰሉ የደጋ ከተሞች ለሚጣለው ነገር እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አላስፈለገም። አመዱና ፍጉ ለጓሮ ሲውል፣ አጥንቱን ቀን ጥንብ አንሣና ቁራ፣ ሌሊት ጅብ ያነሡት ነበር። በፓሪስ ግን የአውራጃው ገዥ ኤዤን ፑቤል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1883 የቤት ባለንብረቶች ክዳን ያለው የቆሻሻ ዕቃ እንዲያቀርቡ አዘዘ፤ ስሙም ለዕቃው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ወደ አገራችን ከተሞች የገባው የብረት ገንዳ ብዙውን ጊዜ ክዳን አልነበረውም። ደረቅ ቆሻሻን የከተማ አስተዳደሮች ኀላፊነት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 513 በ1999 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ከመሬት ከፍ ማለትና በራሱ ክብደት የሚወድቅ ክዳን፣ ማለትም ጎተራው የሚያውቀው ነገር፣ ከገንዳው ጋር አብሮ አልመጣም።

ጅብን ፈጽሞ ማባረርም አይበጅም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 የታተመ ጥናት የመቀሌ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት በድንና ትርፍራፊ እንደሚያነሡ ገምቷል። ከዋግ ጋር በምትዋሰነው በትግራይ የተካሄደና በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ዕርድ ሲቀር ጅቦቹ አህያ ወደ መብላት እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። እንግዲህ ለደጋ ከተማ ገንዳ የሚነድፍ ባለሙያ የአጥንቱን ማስቀመጫ ከሌላው ለይቶ፣ መጠኑንም በጾም ሳይሆን በፋሲካ ማግስት ባለው ቆሻሻ ልክ ማስላት ይኖርበታል።